ጉልበቴ «ይብቃህ» ይለኛል፣ ቤቴ ግን ገና አልቆመም

ውድ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ሲሆን በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በሚወዳደር አንድ ክለብ ውስጥ የመሐል ተከላካይ ነኝ። ኳስ የጀመርኩት በደቡብ ባለች የትውልድ ከተማዬ፣ በሰፈር ቡድን ነው። ትምህርቴን 10ኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ክለብ ከገባሁ ወዲህ ሌላ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ባለትዳርና የአንዲት የአራት ዓመት ልጅ አባት ነኝ፤ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼንም የማስተምረው እኔ ነኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት የቀኝ ጉልበቴ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ወደ ሜዳ ብመለስም ጉልበቴ እንደ ድሮው አልሆነም። ከጨዋታ በኋላ ያብጣል። በማግስቱ የሆቴሉን ደረጃ የምወርደው መደገፊያውን ይዤ በጎኔ ስለሆነ፣ ሰው እንዳያየኝ የቡድኑ ልጆች ሁሉ ለቁርስ እስኪወርዱ ክፍሌ ውስጥ እቆያለሁ። ዘንድሮ ከበድ ላሉ ጨዋታዎች መርፌ ተወግቼ የገባሁባቸው ጊዜያት አሉ። ይህን የሚያውቀው የቡድናችን ወጌሻ ብቻ ነው፤ ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

በዚህ ላይ በቅርቡ ባደረግነው ጨዋታ፣ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ከኋላዬ በተጣለ ኳስ አጥቂው ቀደመኝና ማልያውን ጎትቼ ጣልኩት። ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን፣ ተሸነፍንም። ቪዲዮውን በቲክቶክ እየተቀባበሉ ሲሰድቡኝ ከረሙ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ያስመልሰኛል።

ውሌ ሰኔ 30 ያበቃል። ክለቡ ለአንድ ዓመት ሊያራዝምልኝ ይፈልጋል፤ ነገር ግን የሦስት ወር ደመወዜን አልከፈለኝም። ቡድን መሪው «አዲሱን ስትፈርም ውዝፉ እዚያው ውስጥ ይታሰባል» ብሎኛል። የተጫዋች ወኪል ነኝ የሚል አንድ ሰው ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ክለብ አግኝቼልሃለሁ፣ ለቪዛና ለሙከራ 200 ሺህ ብር ላክ ይለኛል። በትውልድ ከተማዬ ያለው ክለብ በበኩሉ ከ17 ዓመት በታች ቡድኑ ምክትል አሰልጣኝ እንድሆን ጠይቆኛል፤ ደመወዙ ግን አሁን ከማገኘው ሩቡን እንኳ አይሞላም። ባለቤቴ «ወደ ቤትህ ና» ትላለች። እኔ እንዲህ ተሰድቤ መውጣት አልፈልግም። ልቀጥል ወይስ ላቁም?

ግራ የገባኝ ተከላካይ ነኝ

ውድ ወንድሜ፣

ሦስት ምርጫዎችን በተራ አስቀምጠህልኛል። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ከምርጫዎቹ ቀድመህ የጻፍከው፣ ሰው ሁሉ ለቁርስ እስኪወርድ ክፍልህ ውስጥ ተደብቀህ የምትቆይበት ሰዓት ነው። ሕመሙን ከአሰልጣኝህ መደበቅህን እረዳዋለሁ፤ የመሐል ተከላካይ በደረጃ ላይ ሲያነክስ ከታየ በማግስቱ ቦታው ለሌላ ሊሰጥ እንደሚችል ታውቃለህ። ከባለቤትህ መደበቅህ ግን ሌላ ነገር ነው። እርሷ «ወደ ቤትህ ና» የምትለው ስለ ጉልበትህ ግማሹን እንኳ ሳታውቅ ነው፤ ብታውቅ ምን ትልህ ይሆን?

ክለብህ ውስጥ ቆየህም፣ ወደ ሌላ አገር ሄድክም፣ አሰልጣኝ ሆንክም፣ የሁሉም መነሻ ጉልበትህ በእርግጥ ምን ላይ ነው የሚለው ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ወዲህ ኤምአርአይ ተነስተህ ታውቃለህ? ካልተነሳህ፣ ወይም ከተነሳህ አንድ ዓመት ካለፈህ፣ የክለቡ ባልደረባ ያልሆነ የአጥንትና መገጣጠሚያ ስፔሻሊስት ዘንድ በራስህ ወጪ ሂድ። ይህን የምልህ ወጌሻችሁን ወይም የክለቡን ሐኪም ተጠራጥሬ አይደለም። እነርሱ በየሳምንቱ የሚጠየቁት ለእሁዱ ጨዋታ ትደርሳለህ ወይ ተብለው ነው፤ ያንተ ጥያቄ ደግሞ በ45 ዓመትህ ልጅህን ይዘህ ደረጃ መውጣት ትችላለህ ወይ የሚል ነው። ሐኪሙን የተተከለው ጅማት እንዴት እንደያዘ፣ በአጥንቶቹ ጫፍ ያለው ልስልስ አጥንትና በመካከላቸው እንደ ትራስ የሚያገለግለው ሜኒስከስ ምን ያህል እንደተጎዱ፣ የቀኝ ጭንህ ጡንቻ ከግራው ጋር ሲለካ ምን ያህል እንደሚያንስ በግልጽ ጠይቀው። የጡንቻ ድክመት ብቻ ከሆነ በትዕግሥት በሚሠራ እንቅስቃሴ ብዙ ሊሻሻል ይችላል፤ ልስልስ አጥንቱ ካለቀ ግን ነገሩ ይለያል።

የተወጋኸውን መርፌ ስምም ከወጌሻው ጠይቀህ በወረቀት ያዝ። ለጊዜው የሚያደነዝዝ ማስታገሻ ነው ወይስ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ፣ እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ? ስቴሮይዱ ሲደጋገም ልስልስ አጥንቱን ሊጎዳ የሚችል ነው፤ ማደንዘዣው ደግሞ ጉልበትህ «ቁም» የሚልህን እንዳትሰማ አድርጎ 90 ደቂቃ ያስሮጥሃል። ሐኪሙ አይቶህ እስኪወስን ድረስ ምንም ዓይነት ጨዋታ ቢመጣ ሌላ መርፌ እንዳትወጋ እለምንሃለሁ።

ስለ ማስመለሱ የጻፍከው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የምታፍርበት መሰለኝ። የጀርመኑን የመሐል ተከላካይ ፐር መርተሳከርን ታውቀዋለህ፤ በአውሮፓውያኑ 2014 የዓለም ዋንጫን ያነሳና ለአገሩ ከ100 ጊዜ በላይ የተሰለፈ ሰው ነው። ጫማውን ሊሰቅል ወራት ሲቀሩት፣ በ2018፣ ዴር ሽፒገል ለተባለው የጀርመን መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ በጨዋታ ቀን ሆዱ ይታወክ እንደነበር፣ ዳኛው ፊሽካ ሊነፋ ሲል ወደ ላይ ይለው እንደነበር፣ ካሜራ እንዳያየውም ፊቱን ያዞር እንደነበር ተናግሯል። ያስጨነቀው ሩጫው አልነበረም፤ በአንድ ስህተቱ ምክንያት ግብ ይቆጠራል የሚለው ፍርሃት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜ ልኩን የደበቀውን አንተ ለማላውቅህ ለእኔ መጻፍ ችለሃል። አሁን ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚሰማህ ሰው ንገረው። በምትኖርበት ከተማ ባለ ሆስፒታል የሥነ ልቦና ባለሙያ ማግኘት ከቻልክ መልካም ነው፤ ካልሆነም ጫማውን ከሰቀለ የቀድሞ የቡድን ጓደኛህ ጋር ጀምር። በአንተ ቦታ ተሰልፎ ያለፈ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይጠይቅህም።

«ተሰድቤ መውጣት አልፈልግም» ብለሃል። እስኪ ለራስህ አንድ ነገር ጠይቅ፦ ያ ፍጹም ቅጣት ምት ባይሰጥ ኖሮ ዘንድሮ ስለ መውጣት ምን ታስብ ነበር? በሚቀጥለው ሳምንት በጭንቅላት ገጭተህ የማሸነፊያ ግብ ብታስቆጥርና ያው ደጋፊ ስምህን እየጠራ ቢዘምር፣ በማግስቱ ጉልበትህ ማበጡን ይተዋል? ስድቡን ለማስረሳት ብለህ ዓመት ብትጨምር ወይም ከስድቡ ለመሸሽ ብለህ ብታቆም፣ በሁለቱም መንገድ ስለ ሕይወትህ የወሰነው ቪዲዮውን የለጠፈው ሰው ይሆናል። እኔ ይህን አልወድልህም። ለጊዜው ቲክቶክን ከስልክህ አጥፋው።

ያንን ጨዋታ ግን አንድ ጊዜ ከአሰልጣኝህ ጋር ሆነህ እየው። የሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን ሲተላለፉ ስለቆዩ ምስሉን ማግኘት አይቸግርም። ማልያ የጎተትክባትን ቅጽበት እለፋትና ከዚያ በፊት ያለውን አንድ ደቂቃ ተመልከት። ኳሱ ሲጣል የት ቆመህ ነበር? ሰውነትህ ወደ ጎን ዞሮ ነበር ወይስ ፊት ለፊት? ከጎንህ ያለውን የመስመር ተከላካይ ተናግረኸው ነበር? ብዙ ጊዜ ማልያ የሚጎትት ተከላካይ በ25 ዓመቱ ይቆምበት የነበረውን ቦታ በ31 ዓመቱም ሳይለውጥ የቆየ ነው፤ ድሮ ዞሮ ይደርስበት የነበረውን ኳስ አሁን የሚደርስበት ሁለት እርምጃ ቀድሞ ካፈገፈገ ብቻ ነው። ይህ የሚታረም ነገር ነው። በአንጻሩ ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆመህ፣ በትክክል ዞረህም ጉልበትህ ስላልታዘዘህ ተቀድመህ ከሆነ፣ ያን ማወቁም ከሐኪሙ ወረቀት ጋር አብሮ የሚታይ ማስረጃ ይሆንሃል።

ይህን ሁሉ እንድታጣራ የምፈልገው 31 ዓመት ለመሐል ተከላካይ እርጅና ስላልሆነ ነው። ፓኦሎ ማልዲኒ ሚላንን የተሰናበተው በ40 ዓመቱ ነበር። ቲያጎ ሲልቫ በ36 ዓመቱ ከቼልሲ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አንስቷል፤ ፔፔም በ41 ዓመቱ ለፖርቱጋል በአውሮፓ ዋንጫ ተሰልፏል። ከእኛም ደጉ ደበበ፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በአውሮፓውያኑ 2013 ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ደቡብ አፍሪካ ከሄደ በኋላ ለዓመታት በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቷል። የመሐል ተከላካይ ፍጥነቱ ቢቀንስም ጨዋታ የማንበብ ችሎታው እየበሰለ ስለሚሄድ ከአጥቂ ይልቅ ዕድሜ ይሰጠዋል። ሆኖም እነ ማልዲኒ በየዕለቱ የሚከታተላቸው የሕክምና ቡድን ነበራቸው፤ የሦስት ወር ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ያበጠ ጉልበታቸውን ይዘው ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ አልተጓዙም። ስለዚህ የእነርሱ ታሪክ ተስፋ እንዲሰጥህ እንጂ ጥፋተኝነት እንዲሰማህ አልፈልግም።

ወኪል ነኝ ስለሚለው ሰው የምለው አጭር ነው፤ አንድ ብር እንዳትልክለት። ፊፋ የተጫዋች ወኪሎች ፈቃድ እንዲኖራቸው ያስገድዳል፣ ፈቃድ ያላቸውንም ስም ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል፤ የዚህን ሰው ስም ፈልገው። የክለቡን ስም ጠይቀህ ራስህ ደውል ወይም ጻፍላቸው። በእርግጥ የሚፈልግህ ክለብ በራሱ ማኅተም ጥሪ ይልካል፣ የሙከራ ወጪህንም ከአንተ ኪስ አይጠብቅም። ዝውውሩም በሁለቱ አገሮች ፌዴሬሽኖች በኩል አልፎ ዓለም አቀፍ የዝውውር ሰርተፊኬት ካልመጣ በስተቀር በባለሙያነት ልትመዘገብ አትችልም። በጉብኝት ቪዛ ሄደህ እዚያ ብትቀር ጉልበትህ ቢጎዳ የሚያሳክምህ፣ ደመወዝ ብትከለከል የምትከስበት ቦታ አይኖርህም። 200 ሺህ ብሩ ደግሞ ለወንድሞችህ ትምህርት ነው የሚሆነው።

ወደ ክለብህ ስመለስ፣ ቡድን መሪው የነገረህ አነጋገር አላስደሰተኝም። የሠራህበት የሦስት ወር ደመወዝ ዕዳ ነው፤ አዲሱ ፊርማ ገና ለምትሠራው ሥራ የሚከፈል ነው። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ከተቀላቀሉ በኋላ ዕዳው የት እንደገባ ልታሳይ አትችልም። ስለዚህ አስቀድመህ የአሁኑ ውልህ ቅጂ እጅህ ላይ መኖሩን አረጋግጥ፤ ከሌለህ ከፌዴሬሽኑ ጠይቅ። ደመወዝህ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ መግለጫ አሳትም። ከዚያም ያልተከፈሉህን ወራት ከነመጠናቸው ዘርዝረህ በጨዋ ቋንቋ ደብዳቤ ጻፍና አስገባ፤ በቅጂው ላይ የደረሰበትን ቀንና ማኅተም አስመታ። የፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ሊያቋርጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ያንተ ጉዳይ የአገር ውስጥ ስለሆነ የሚታየው በኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደንብ ነው፣ ውልህም ሊያበቃ ስለተቃረበ ማቋረጥ ላያስፈልግህ ይችላል። ቢሆንም ደብዳቤው ማስረጃህ ነው፤ ክለቡ ካልከፈለ ለፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴ የምታቀርበው ይህንኑ ይሆናል። ብትለቅም ገንዘቡ የአንተ ነው፤ መልቀቂያ ስትጠይቅ «ከክለቡ የምፈልገው ክፍያ የለም» የሚል ወረቀት ካቀረቡልህ አትፈርም።

ለመቀጠል ከወሰንክ ደግሞ ጉልበትህን ደብቀህ አትፈርም። የፊፋ ደንብ የውልን መጽናት በሕክምና ምርመራ ውጤት ላይ ማንጠልጠልን ስለማይፈቅድ፣ ክለቡ መመርመር ከፈለገ ከፊርማው በፊት ይመርምርህ። ከዚያም ስትጎዳ ደመወዝህ እንደማይቋረጥና የሕክምና ወጪህን ክለቡ እንደሚሸፍን በውሉ በግልጽ ይጻፍ። ስለ ሁኔታህ እያወቁ ከፈረሙህ፣ የሐሙስ ልምምድ ስታሳጥርም ሆነ በአራት ቀን ልዩነት ሁለት ጨዋታ አልችልም ስትል መልስ ይኖርሃል።

የትውልድ ከተማህን ጥሪ በደብዳቤህ በመጨረሻ፣ ያውም በደመወዙ ማነስ አስቀምጠኸዋል። እኔን ያጓጓኝ ግን እርሱ ነው። መርተሳከር ከአርሰናል ጋር የመጨረሻ ዓመቱን ሲጀምር፣ ሲያበቃ የክለቡን የታዳጊዎች አካዳሚ እንደሚመራ ታውቆ ነበር። ቤልጂየማዊው የመሐል ተከላካይ ቪንሰንት ኮምፓኒም በጉዳት ይመላለስ በነበረበት ጊዜ፣ የማንቸስተር ሲቲ አምበል ሆኖ እየተጫወተ በቢዝነስ አስተዳደር ማስተርሱን በአውሮፓውያኑ 2017 ጨርሷል፤ ዛሬ ባየርን ሙኒክን ያሠለጥናል። ሁለቱም የሚሄዱበትን ያዘጋጁት ገና እየተጫወቱ ነበር። አንተም ክለቡን እንዲህ ብለህ ልትጠይቀው ትችላለህ፦ ቦታውን ለአንድ ዓመት ያቆዩልኛል? የአሰልጣኝነት ኮርሱን ወጪ ይጋሩኛል? በእረፍት ወራት እየመጣሁ ከልጆቹ ጋር ብሠራስ? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የአሰልጣኝነት ደረጃዎች ከዲ ጀምረው ወደ ሲ፣ ቢ እና ኤ የሚወጡ ናቸው፤ ቀጣዩ ኮርስ መቼ እንደሚከፈትና ምን ዓይነት የትምህርት ማስረጃ እንደሚጠየቅ ከፌዴሬሽኑ አሁኑኑ ጠይቅ። 10ኛ ክፍል ላይ ያቋረጥከውን ትምህርትም በማታ ወይም በግል ልትቀጥለው ትችላለህ። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ስለሚካሄድ ሆቴል ውስጥ ሳምንታት ታሳልፋለህ፤ ከልምምድ በኋላ ያለው ከሰዓት በስልክ ሲያልቅ ስንት ተጫዋች አይቻለሁ፣ ይህን ሳይ ከልብ አዝናለሁ።

ከማንኛውም ወረቀት በፊት ግን ባለቤትህን አነጋግራት። በስልክ ባይሆን ይመረጣል፤ አንድ የእረፍት ቀን ወስደህ ሂድ። መርፌውን፣ ደረጃውን፣ ማስመለሱን ንገራት። የምትቆጣ ከሆነ ትቆጣ፤ ቁጣዋ ለብቻህ ስለተሸከምከው ነው። ከዚያ አብራችሁ ተቀምጣችሁ በወር ምን ያህል እንደሚያስፈልጋችሁ፣ ምን ያህል እንዳጠራቀማችሁ፣ ወንድሞችህ ለመጨረስ ስንት ዓመት እንደቀራቸው ጻፉ። «ወደ ቤትህ ና» ስትል በሩቡ ደመወዝ መኖርን አስልታ ነው ወይስ ናፍቆቱ ከብዷት? ምናልባት እርሷ ልትጀምረው ያሰበችው ሥራ ይኖራል፣ ጠይቀሃት ታውቃለህ? ወንድሞችህም ካደጉ የአንተን ሁኔታ ሊያውቁ ይገባል፤ የሚያስተምራቸው ሰው በመርፌ እንደሚሮጥ ቢያውቁ ዝም ብለው የሚቀበሉህ አይመስለኝም።

እኔን ምን ታስባለህ ብትለኝ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ልስልስ አጥንቱ ደህና ነው ካለህና ውዝፉ ከተከፈለህ፣ ያለ መርፌ አንድ ዓመት ተጫወት፤ ያ ዓመት የመጨረሻህ ሊሆን እንደሚችል ባለቤትህም የትውልድ ከተማህ ክለብም ይወቁት። ሐኪሙ ልስልስ አጥንትህ እየተበላ ነው ካለህ ደግሞ በዚህ ክረምት ወደ ቤትህ ግባ፤ ልጆቹን አሠልጥን፣ ውዝፍህንም እየተከታተልክ አስከፍል። በሩብ ደመወዝ መኖር እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ወንድሞችህም ምናልባት አንድ ዓመት ይዘገዩ ይሆናል። ይህን ሁሉ አይቼም በሁለተኛው ጉዳይ ላይ ሐሳቤን አልለውጥም።

ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት በመጀመሪያ የኤምአርአይ ቀጠሮ ያዝ፣ ቀጥሎ የደመወዝ ደብዳቤውን አስገባ። የውሉን ረቂቅ ሲሰጡህ ቢሮው ውስጥ አትፈርመው፤ «ቤት ወስጄ ላንብበው» በልና የሥራ ውል የሚያውቅ ጠበቃ ይመልከትልህ። የሐኪሙ ውጤት ሲደርስህ መልሰህ ጻፍልኝ።